ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሜትር ተኩል

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ እኛ ሰፈር ላምም የለ፣ በረትም የለ። ያለው አስፋልት ነው። ስለዚህ እኔ «ተረት ተረት» ስል እናንተ «ዳርህን ያዝ» በሉ። ተረት ተረት! . . . እንደሱ ነው።

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ ባንቻምላክ ነው፤ ሰፈሩ እት ባንቺ ይላታል። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። ባሏ ዓለምነው አናጺ ነበር። መጋዙን ከብስክሌቱ ኋላ አስሮ ወደ ሥራ ሲሄድ፣ ካቻምና በኅዳር፣ አንድ ከባድ መኪና ከአስፋልቱ ዳር ገፋው። ብስክሌቱ ተረፈ። እሱ አልተረፈም።

ብስክሌቱን ያቃናሁት እኔ ነኝ። ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እለጥፋለሁ፣ የተጣመመ አቃናለሁ። የእድራችን ጥሩምባ ነፊም ነኝ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ እየዞርኩ እነፋለሁ፣ ሰዉም ይወጣል። ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ሥራ አለኝ። ምነው አንዱ ባልኖረኝ ያልኩበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። በዚያ ዓመት ጥሩምባዬ ለዚያ አስፋልት ብቻ አራት ጊዜ ጮኋል።

እት ባንቺ አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሕሊና። ሕሊና ስምንተኛን አለፈች። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ሰባት ኪሎ ሜትር። ባጃጅ ዋናው መንገድ ላይ አይውጣ ተብሏል። በእግሯ ሄዳ ትመለስ ቢባል ቀኑ በመንገድ ያልቃል። ቤት ውስጥ ያለው የአባቷ ብስክሌት ነው።

እና እት ባንቺ አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች። ፎቅ አልፈለገች፣ መሬት አልፈለገች። ከአስፋልቱ ዳር አንድ ሜትር ተኩል፣ በነጭ ቀለም ተሰምሮ፣ ልጇ የምትሄድበት፣ መስከረም ሳይገባ። በቃ።

በግንቦት ወደ ቀለም ቀቢው ሄደች። አብሬያት ሄድኩ፤ ብቻዋን ልትሄድ ስትነሳ አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። የማዘጋጃ ቤቱ ቀለም ቀቢ አያ ደመላሽ ነው፤ በቀለም ጣሳዎቹ መሀል ካርቶን አንጥፎ ተኝቶ አገኘነው።

«አያ ደመላሽ፣ መስመር አስምርልኝ።»

«ለማን?»

«ለልጄ። ለብስክሌት።»

«እሱማ በዕቅድ ተይዟል» አለ፣ ሳይነሳ። «ግን መሐንዲሱ ካልፈረመ ብሩሼን አላነሳም። አንዴ ያለ ፊርማ ዜብራ ቀባሁ፤ በጉልበቴ አስፍቀውኛል። ይኸው እስከ ዛሬ ሲዘንብ ጉልበቴ ያስታውሰኛል። መሐንዲሱ ይፈርም።»

ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

ወደ መሐንዲሱ ሄድን። ኢንጂነር ፍሰሃ ቢሮ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስዕል ተለጥፏል፤ የኛው መንገድ ነው አሉን። በስዕሉ ላይ ዛፍ አለ፣ አረንጓዴ መስመር አለ፣ በመስመሩ ላይ አንድ ሰው ቆብ አጥልቆ ብስክሌት ይነዳል። ይስቃል።

እት ባንቺ ስዕሉን ቀረብ ብላ አየችው። «ይሄ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?» አለች።

«ስዕል ነው፣ እናቴ» አለ መሐንዲሱ።

«አውቃለሁ። ደስ ብሎታል ብዬ ነው።»

ኢንጂነር ፍሰሃ መጥፎ ሰው አይደለም። ወንበር ሰጣት። «እኔ መፈረም አይገደኝም» አለ። «ግን ከወይዘሮ ድንቄ ሱቅ ፊት ለፊት የመብራት ምሰሶ አለ፤ ልክ በመስመሩ መሀል። ብፈርም ልጅሽን ምሰሶ ላይ ፈረምኩባት ማለት ነው። ምሰሶው ይነቀል።»

ፊርማው ለቀለሙ አልወርድም አለ፤ ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

ወደ መብራቶቹ ሄድን። ፎርማን ታከለ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ከላይ ሆኖ አነጋገረን።

«ምሰሶውን ንቀልልን!» አልኩት።

«ነቅዬ የት ልትከለው? በጀርባህ ትይዝልኛለህ?»

«ወደ ውስጥ ሁለት ሜትር።»

«እዚያ ሥር የውሃ ቧንቧ አለ። አምና አንዱን ወጋሁና ሰፈሩ ሦስት ቀን ከነእናቴ ሲረግመኝ ከረመ። እናቴ ደግሞ እዚያው ሰፈር ናት፤ ትሰማለች። ቧንቧው ይልቀቅ፣ ምሰሶው በግማሽ ቀን ይነቀላል።»

ምሰሶው ለፊርማው አልነቀልም አለ፤ ፊርማው ለቀለሙ አልወርድም አለ፤ ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

ወደ ውሃዎቹ ሄድን። ሰውዬው ልሳነወርቅ ይባላል። ሳምንት ሙሉ «ፊልድ ወጥቷል» ተባልን። በስምንተኛው ቀን እውነትም ፊልድ ሲወጣ በር ላይ ያዝነው።

«ቧንቧውን አዛውራለሁ፣ ምን ችግር አለው» አለ፤ እግሩ ግን መሄዱን አላቆመም። «ግን ከቧንቧው በላይ ምን አለ? የወይዘሮ ድንቄ ሱቅ በረንዳ። በበረንዳው ላይስ? ሲሚንቶ፣ እስከ ጣሪያ። ሲሚንቶ ተሸክሜ ልቆፍር? ሱቁ ይሰብሰብ።»

ቧንቧው ለምሰሶው አልለቅም አለ፤ ምሰሶው ለፊርማው አልነቀልም አለ፤ ፊርማው ለቀለሙ አልወርድም አለ፤ ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

ወደ ሱቁ ሄድን። ወይዘሮ ድንቄን የማያውቅ የለም፤ ድምጿ ከሱቋ ቀድሞ ይደርሳል።

«እኔን ነው የምታስነሱት? እኔን? ባሌን ቀብሬ፣ በአንድ ኩንታል ጀምሬ!»

«እኔም ባሌን ቀብሬ ነው የመጣሁ» አለች እት ባንቺ።

ድንቄ ድምጿን ቀነሰች። ትንሽ ብቻ። «የኔ እመቤት፣ አታስቀይሚኝ። ይሄ መኪና እደጄ ቆሞ ያራግፋል። እሱ ካራገፈ እኔ መደርደሬ ነው፤ ዝናብ ላይ ልደርድረው? መኪናው ሌላ ቦታ ያራግፍ፤ እኔ በረንዳዬን በዚያው ቀን እሰበስባለሁ።»

ሱቁ ከቧንቧው ላይ አልሰበሰብም አለ፤ ቧንቧው ለምሰሶው አልለቅም አለ፤ ምሰሶው ለፊርማው አልነቀልም አለ፤ ፊርማው ለቀለሙ አልወርድም አለ፤ ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

ወደ መኪናው ሄድን። ሾፌሩ ከማል ጎማው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሙዝ ይበላል። ለእኔ አንድ ወረወረልኝ፤ ለእት ባንቺ ተነስቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ሰኔ ነው፤ ደመናው መጥቷል።

«እህቴ፣ እኔ ብነሳ ያ ከኋላዬ ያለው ይገባበታል። እሱ ቢነሳ ያኛው። እኛ እዚህ ዘጠኝ መኪና ነን፤ አንዱ ሲነሳ መንገድ አይከፈትም፣ ቦታ ነው የሚከፈተው። ሁላችንንም በአንድ ቀን የሚያስነሳ ሳጅን አበጀ ነው። እሱ ፊሽካውን አንዴ ይንፋ፤ ከሁሉ ቀድሜ እነሳልሻለሁ። ወላሂ።»

መኪናው ከሱቁ ደጅ አልነሳም አለ፤ ሱቁ ከቧንቧው ላይ አልሰበሰብም አለ፤ ቧንቧው ለምሰሶው አልለቅም አለ፤ ምሰሶው ለፊርማው አልነቀልም አለ፤ ፊርማው ለቀለሙ አልወርድም አለ፤ ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ሄድን። ሳጅን አበጀ መገናኛው ላይ ቆሟል፤ ዝናብ ልብሱ ውሃ ያንጠባጥባል።

«በምን ልክሰሳቸው?» አለ። «ቆማችኋል ልበል? መቆም ወንጀል ነው? የብስክሌት መስመር ቢኖር መስመር ላይ ቆማችኋል እላለሁ። መስመር የለም። የሌለ መስመር ማን ይረግጣል? መስመሩ ይቀባ፤ እኔ በማግስቱ ጠርጌ አስነሳለሁ።»

«መስመሩ እንዲቀባ እኮ ነው እነሱ የሚነሱት!» አልኩት።

«እነሱ እንዲነሱ እኮ ነው መስመሩ የሚቀባው!» አለኝ።

ቆዩ፣ ትንፋሼን ልያዝ። . . . ሳጅኑ ያለ ቀለም መኪናውን አላስነሳም አለ፤ መኪናው ከሱቁ ደጅ አልነሳም አለ፤ ሱቁ ከቧንቧው ላይ አልሰበሰብም አለ፤ ቧንቧው ለምሰሶው አልለቅም አለ፤ ምሰሶው ለፊርማው አልነቀልም አለ፤ ፊርማው ለቀለሙ አልወርድም አለ፤ ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

እዚያው ዝናብ ላይ ቆማ ሳቀች። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ያን ቀን ሰማኋት፣ ባልሰማሁት።

«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» አለች። «በል እንሂድ፣ ስጦቴ። ያጠብኩት አንሶላ ይበሰብሳል።»

ስሜ ስጦታው ነው። ስጦቴ የሚለኝ የሚወደኝ ሰው ብቻ ነው።

ሐምሌ ዝናብ ሆኖ አለፈ። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ወተት አመላላሽ፣ ደጉ የሚባል፣ በብስክሌቱ ላይ እንዳለ እዚያው ድንቄ ሱቅ አጠገብ ሞተ። ምሰሶውን ሸሽቶ ወደ መሀል ሲወጣ ነው። ወተቱ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ወረደ። ነፋሁ። አምስተኛ።

የደጉ ቤት ጠባብ ነበርና የእድሩ ድንኳን አስፋልቱ ዳር ተተከለ። እት ባንቺ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች። ያለቀሰች መስሏችሁ ይሆናል። አላለቀሰችም፤ ታይ ነበር። ድንኳኑ እንደተተከለ ሳጅን አበጀ ማንም ሳያዘው መጥቶ ፊሽካውን ነፋ። ዘጠኙም መኪና ተነሳ። ድንቄ ለለቀስተኛ አግዳሚ ወንበር ቦታ እንዲሆን በረንዳዋን ራሷ ሰበሰበች። ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማህተም። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ፤ መኪናውም ተመለሰ፣ ሲሚንቶውም ተመለሰ።

በአምስተኛው ቀን እት ባንቺ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይርዳው ጋ ሄደች። እኔም ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ድንኳኑን ለልጄ ትከሉልኝ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ሕሊና ምን ሆነች?»

«ደኅና ናት። እያጠናች ነው።»

«ታዲያ?»

«በመስከረም በዚያ መንገድ ትሄዳለች። ኋላ የምትተክሉትን አሁን ትከሉልኝ። ቆማ እያለች።»

ጋሽ ይርዳው አማተቡ። «ምን ዓይነት አፍ ነው ይሄ? የእድሩ ሕግ ሬሳ ይላል። ሬሳ አምጪና ድንኳን ውሰጂ!» አሉ። ካሉት በኋላ ራሳቸው ሰሙት፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ግን አልመለሱትም።

ድንኳኑ ያለ ሬሳ አልተከልም አለ፤ ሳጅኑ መኪናውን አላስነሳም አለ፤ መኪናው ከሱቁ ደጅ አልነሳም አለ፤ ሱቁ ከቧንቧው ላይ አልሰበሰብም አለ፤ ቧንቧው ለምሰሶው አልለቅም አለ፤ ምሰሶው ለፊርማው አልነቀልም አለ፤ ፊርማው ለቀለሙ አልወርድም አለ፤ ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

ከቤታቸው ስንወጣ ዞራ እኔን አየችኝ። ገባኝ።

«አይሆንም፣ እት ባንቺ።»

«ንፋልኝ።»

«ሰው ሳይሞት?»

«ሦስት ረጅም ብቻ።»

ይሄን ላስረዳችሁ። እኛ ሰፈር ሰው በሕመም ሲሞት አንድ ጊዜ ተነፍቶ ስሙ ይጠራል። አስፋልት የገደለው ሲሆን ግን ሦስት ረጅም ይነፋል፤ ስም አይጠራም። ሬሳው ሆስፒታል ነው፤ የማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ሰዉ መጀመሪያ ወጥቶ ድንኳን ይተክላል፣ ስሙ ኋላ ይመጣል። እኔ በሐሰት ሦስት ረጅም ብነፋ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል? ጥሩምባ እኮ ቀንድ ነው፤ ሰው ካላመነው ከብቱ ላይ ቢቀር ይሻለው ነበር።

«አልነፋም» አልኳት። እኔም፣ ያን ሁሉ ቢሮ አብሬያት የዞርኩት፣ እንደነሱ ሆንኩ።

ጥሩምባው ያለ ሬሳ አልጮኽም አለ፤ ድንኳኑ ያለ ሬሳ አልተከልም አለ፤ ሳጅኑ መኪናውን አላስነሳም አለ፤ መኪናው ከሱቁ ደጅ አልነሳም አለ፤ ሱቁ ከቧንቧው ላይ አልሰበሰብም አለ፤ ቧንቧው ለምሰሶው አልለቅም አለ፤ ምሰሶው ለፊርማው አልነቀልም አለ፤ ፊርማው ለቀለሙ አልወርድም አለ፤ ቀለሙ መንገዱን አልነካም አለ፤ እት ባንቺም መስመሯን አላገኘችም።

ነሐሴ ሃያ ሦስት ቀን ብስክሌቱን እየገፋች መጣች። ሕሊና አብራት ነበረች። ስለ ጥሩምባው አንድም ቃል አላነሳችም።

«ኮርቻውን ዝቅ አድርግላት። እግሯ አይደርስም።»

ብሎኑን ፈታሁ። ዓለምነው ረጅም ሰው ነበር። ኮርቻውን አራት ጣት ዝቅ አደረግሁ። ልጅቷ ወጣች፤ አልደረሰም። ደግሞ ሦስት ጣት። አሁንም በአውራ ጣቷ ነው የምትነካው። እስከ መጨረሻው አወረድኩት።

«ደረሰ!» አለች ሕሊና። ደስ አላት። ፔዳሉን ወደ ኋላ እያሽከረከረች ሳቀች።

እኔ የማየው ከኮርቻው ሥር ያለውን ብረት ነበር። ራሴ ነኝ ያቃናሁት፤ ቀለም ቀብቼበታለሁ፣ ማንም አያውቅም። እኔ ግን የት ጋ እንደታጠፈ አውቃለሁ። እናትየውም ስታይ ያዝኳት፤ ልክ እዚያው ቦታ።

በማግስቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሁ። ሦስት ረጅም።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ነፍቻለሁ። ሰዉ ሲወጣ ግን እንደዚያ ቀን ቆሜ አይቼው አላውቅም። ሁሌ እየዞርኩ ስለነበር አላይም። ያን ቀን አስፋልቱ ላይ ቆሜ አየሁ።

ኢንጂነር ፍሰሃ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንዱ ባዶውን እየሮጠ መጣ። «ናቲ! ናቲ ወጥቷል! ማነው፣ ናቲን ያየ!» ልጁ በጠዋት በብስክሌት ስፖርት ይሠራል ለካ። ፎርማን ታከለ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ «አንሺው፣ አንሺው፣ አንሺው» ይላል። ልሳነወርቅ ደጁ ላይ ቆሞ ቤተሰቡን በስም እየጠራ ያስወጣል። ድንቄ በጣቷ ትቆጥራለች፤ አንድ ጣት ጎድሎባት እንደገና ትጀምራለች። ሳጅን አበጀ ቀበቶውን ሳያስር። አያ ደመላሽ በዚያ ጉልበቱ እያነከሰ። ከማል ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ዳበሰና መዳፉን አየ።

ጋሽ ይርዳው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይዘው ደረሱ። እጃቸው ልማዱን ያውቃል፤ ከፈቱ፣ ድንኳኑ ወጣ፣ ተተከለ። ልክ ድንቄ ሱቅ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር። ሳጅኑ ፊሽካውን ነፋ፤ ዘጠኙ መኪና ተነሳ፤ ድንቄ በረንዳዋን ሰበሰበች።

እት ባንቺ ጥቁር ለብሳ ድንኳኑ ውስጥ ቀድማ ተቀምጣለች።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ይርዳው። «የማን ነው?»

«ገና አልታወቀም» አለች።

«ሆስፒታል ማን ሄደ?»

«ማንም። ሟቹ ገና ነው፣ ጋሼ። በመስከረም ይሆናል። በጥቅምት ይሆናል።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ ይርዳው በከዘራቸው ትከሻዬን አሉኝ፤ ሁለቴ። አልሸሸሁም። ኢንጂነሩ አንገቴን ሊይዝ መጣ፤ ከማል ያዘው። «እናቴ ወድቃለች እቤት!» አለኝ ታከለ። «ጥሩምባህን ሰምታ ወድቃለች፣ አንተ ውሻ!»

«ተነስታለች ወይ?» አለች እት ባንቺ።

«ተነስታለች።»

«እግዜር ይመስገን።» ቆመች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ጎረቤት እንደምታዋራ ነው። «እኔን ስደቡኝ፣ እሱን ተዉት፤ እኔ ነኝ። ብቻ አንድ ነገር ንገሩኝ። ከቤት ስትወጡ እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ፣ የማንን ስም ይዛችሁ ሮጣችሁ?»

ድንቄ የቆጠረችባቸውን ጣቶች ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

«ድንኳኑን ንቀሉ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኛ ጋ የሚባል ነገር አለ፤ ባዶ ድንኳን ከተነቀለ ሬሳውን ፈልጎ ይመለሳል ይባላል። ውሸት ነው በሉ። እሺ፣ ውሸት ነው። ግን ካስማውን የመጀመሪያው ሆኖ የሚነቅል እስኪ ይምጣ! ጋሽ ይርዳው ካስማውን አዩት፣ ሰዉን አዩት፣ መጨረሻ ሄደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ድንኳኑ ወይ ሰው ሞቶ ይነሳል፣ ወይ የተተከለበት ነገር ተፈጽሞ ይነሳል» አሉ። «ምረጡ።»

ሌላውም ተቀመጠ። በእድር ሕግ ሦስት ቀን ከድንኳን አይጠፋም። ያኔ ነው ያስተዋልኩት፤ መሐንዲሱና ፎርማኑና ልሳነወርቅ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሦስት ወር በደብዳቤ ያልተገናኙ ሰዎች ጉልበታቸው ይነካካል። ልሳነወርቅ ፊልድ መውጣት አልቻለም።

«ይኸው በረንዳዬ ተነስቷል» አለች ድንቄ፣ ወደ መሬቱ እያየች። «የምትቆፍር ቆፍር።»

እና ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ጥሩምባው ጮኸ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ሳጅኑ መኪናውን አስነሳ፤ መኪናው ከሱቁ ደጅ ተነሳ፤ ሱቁ ከቧንቧው ላይ ተሰበሰበ፤ በመጀመሪያው ቀን ቧንቧው ለምሰሶው ለቀቀ፤ በሁለተኛው ቀን ምሰሶው ለፊርማው ተነቀለ፤ በሦስተኛው ቀን ኢንጂነር ፍሰሃ አግዳሚው ላይ፣ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ፈረመ። ፊርማው ለቀለሙ ወረደ። ቀለሙ ግን—

ቀለሙ ግን መንገዱን አልነካም አለ።

«እንዴ አያ ደመላሽ!» አልኩት።

«ምን ላድርግ፣ ዝናብ ነው!» እውነቱን ነው፤ ያፈሰዋል። «እርጥብ አስፋልት ቀለም አይዝም። ዛሬ ብቀባው ነገ ድልድዩ ሥር ታገኘዋለህ።»

እት ባንቺ ጭንቅላቷን በእጇ ያዘች። ያኔ ብቻ ነው እንባዋን ያየሁት።

ጋሽ ይርዳው ግን የሚያዩት እግራቸው ሥር ነበር። ከድንኳኑ ሥር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው የተቀመጠበት አስፋልት፣ ደረቅ ነው።

እንዲህ ሆነ። ከማል አንዱን ቋሚ ያዘ፣ ታከለ አንዱን፣ ኢንጂነሩ አንዱን፣ እኔ በተመታሁበት ትከሻ አንዱን። ድንኳኑን አነሳነው። ሁለት ሴቶች ከፊት አስፋልቱን በጨርቅ ያደርቃሉ፤ አያ ደመላሽ ከሥር ተንበርክኮ ይቀባል። ሲደርቅ አምስት እርምጃ እንሄዳለን። ደግሞ እንቆማለን። ሲያባራ ቶሎ ቶሎ፣ ሲዘንብ ቀስ ብለን። ስምንት ቀን ፈጀብን። ከገጠር የሚመጡ ሰዎች ያን የሚሄድ ድንኳን ሲያዩ ቆብ ያወልቃሉ፤ ሾፌሮች ፍጥነት ይቀንሳሉ። «ማን ሞቶ ነው?» ይሉናል። «እግዜር ያውቃል» እንላለን።

ስለዚህ ቀለሙ መንገዱን ነካ፤ እት ባንቺም መስመሯን አገኘች።

ከዚህ በላይ ያማረ ነገር አልነግራችሁም። ጥሩምባውን እድሩ ቀማኝ፤ ልክ ነው፣ አልተከራከርኩም። አሁን ሌላ ሰው ይነፋል፤ ሰዉ ግን እንደ ድሮው አይወጣም፤ መጀመሪያ ስልክ ይደውላል። በጥቅምት አንዲት አሮጊት ሞተው ድንኳኑን አምስት ሰው ብቻ ተከለው። ያን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ኢንጂነር ፍሰሃ እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይመልስም። መስመሩም ቀለም ነው፤ ግንብ አይደለም። ሳጅኑ ዞር ሲል አንዳንድ መኪና ይቆምበታል።

ትምህርት የተከፈተ ቀን እት ባንቺ ሥራ አልሄደችም። ጠዋት ልጇን ሸኝታ እኔ ጋ መጥታ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሰዓት ሆነ። መኪና ባለፈ ቁጥር እጄ ሥራ ያቆማል፤ የሷ እጅ ደግሞ ቀሚሷን ይጨብጣል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከድልድዩ በኩል አንዲት ትንሽ ነገር ታየች። ስትቀርብ ልጅ ሆነች። ስትቀርብ ሕሊና ሆነች፤ ዳሯን ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቀስ እያለች።

ተረቴን መልሱ አልላችሁም። ልጅቷን መንገዱ መልሷታል፤ ለዚያን ቀን ይበቃል።